ሥዕላችን ስለ ጥንቱ የባሕር ንግድ ምን ይነግረናል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



  የንግግሬ አርእስት ሥዕልና የጥንቱ የባሕር ንግድ ነው። በወለንጪቲ ቆሞ ስለ ባሕር የሚናገር ተማሪ በበረሓ ዓሣ እንደሚያጠምድ ሰው ይቈጠር ይሆናል። ነገር ግን ጥቂት ብትታገሡኝ ባሕሩ ከደጃችን፥ ከዚያም አልፎ ከጓዳችን እንዳለ ላሳያችሁ እሞክራለሁ።

እንደሚታወቀው ከተማችን ከአዳማ ወደ አዋሽ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ቀንና ሌሊት በፊቷ ከሚያልፉት ከባድ መኪናዎች ብዙዎቹ ወይ ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚወርዱ፥ ወይም ከዚያ ጭነው የሚወጡ ናቸው። አባቴም ከእነዚሁ ሾፌሮች አንዱ ናቸው። ከአስፋልቱ በፊት ደግሞ ባቡሩ ነበረ። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፥ በ1917 አዲስ አበባ ገባ፥ ወለንጪቲም ከጣቢያዎቹ አንዷ ሆነች። (በዚህ ንግግር የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።) ያ የድሮው ባቡር ዛሬ አይመጣም፤ ቢሆንም ሽማግሌዎቻችን በፉጨቱ ሰዓት ያውቁ እንደ ነበረ ይነግሩናል። እንግዲህ ከተማችን የኖረችው ወደ ባሕር በሚወርድ መንገድ ላይ ነው ማለት ነው።

አሁን ይህን ነገር እንድመረምር ያደረገኝን ምክንያት ልንገራችሁ። ከሦስት ወር በፊት ለዚህ በዓል ዝግጅት በአስፋልቱ በኩል ያለው የግቢያችን ግንብ በተማሪዎች ሥዕል እንዲያጌጥ ተወሰነ። የሥዕሉም አርእስት «የአገራችን ንግድ ከጥንት እስከ ዛሬ» ተባለ። እኔ የጥንቱን ክፍል ተቀበልሁና የንግሥተ ሳባን ነጋዴ የታምሪንን መርከብ በእርሳስ ነደፍሁ። ልጅ ሳለሁ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት መጻሕፍት ቤት አንድ ትልቅ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ነበረ። በውስጡ የነበረችው ባለ ሦስት ምሰሶ፥ ሸራዋ በነፋስ የተነፋ መርከብ ከዐይኔ ጠፍታ አታውቅምና እርሷኑ ከነግርማዋ በግንቡ ላይ አወጣኋት።

የሥዕል መምህራችን መጥተው ረጅም ጊዜ ተመለከቷት። ከዚያም በመርከቧ ጎን በተራ የተደረደሩትን ቀዳዳዎች በጣታቸው እያሳዩ «እነዚህ ምንድን ናቸው?» አሉኝ።

«የመድፍ አፍ ነው» ብዬ መለስሁ።

«ታምሪን መድፍ ነበረውን?»

በዙሪያችን የነበረው ተማሪ ሁሉ ሣቀ። እኔም አብሬ ሣቅሁ፤ ነገር ግን በዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሦስት ሺህ ዘመን የሚቈጠር የራሳችንን ታሪክ ልሥል ተነሥቼ የሣልሁት ከ500 ዓመት ወዲህ ወደ እኛ የመጡ ሰዎችን መርከብ ነበረና። ባሕርን ባሰብሁ ቍጥር በልቤ የሚመጣው ሥዕል ከሌላ ሰው የተዋስሁት መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ።

በማግሥቱ ነገሩ ወደ ክርክር ተለወጠ። አንድ ጓደኛዬ፥ በክርክር ማኅበራችን ውስጥ አንደበቱ የተመሰገነ፥ እንዲህ አለኝ፤ «እኛ የደጋና የቆላ ሰዎች ነን እንጂ የባሕር ሰዎች አይደለንም። ታምሪንም ተረት ነው። በአዱሊስ ወደብ የቆመውም መርከብ ሁሉ የግሪክና የህንድ ነበረ። ይልቅ ባሕሩን ደምስሰህ ግመሉን ብቻ ሣል።» ብዙዎች ደገፉት። የበዓሉ ኮሚቴም ባሕሩ ይቅር ወይስ ይኑር የሚለውን ለመወሰን ማስረጃ እንዳቀርብ ሁለት ሳምንት ሰጠኝ። ዛሬ የማቀርብላችሁ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ያገኘሁትን ነው።

መጀመሪያ የመረመርሁት ራሱን ታምሪንን ነው። የታምሪን ታሪክ የሚገኘው በ14ኛው መቶ ዓመት በግዕዝ በተዘጋጀው በክብረ ነገሥት ነው። በዚያ እንደተጻፈው ታምሪን 520 ግመሎችና 73 ያህል መርከቦች የነበሩት የንግሥቲቱ ነጋዴ ነበረ። ንጉሥ ሰሎሞን ቤተ መቅደስ ሲሠራ ቀይ ወርቅ፥ ነቀዝ የማይበላው ጥቍር እንጨትና ዕንቍ ወሰደለት፤ ተመልሶም የሰሎሞንን ጥበብ ለንግሥቲቱ ነገራት። ንግሥቲቱም 797 ግመሎች አስጭና ወደ ኢየሩሳሌም ሄደች። በ20ኛው መቶ ዓመት የአዲስ አበባ ሠዓሊዎች ይህን ታሪክ በሸራ ላይ ተራ በተራ፥ ብዙውን ጊዜ በ44 ትንንሽ ክፍሎች ከፋፍለው፥ ከእያንዳንዱ ሥር የአማርኛ ቃል እየጻፉ ይሥሉት ነበር። ከዘንዶው መገደል ጀምሮ እስከ ምኒልክ መመለስ ድረስ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ በዐይኑ ይከተለዋል። በአንዳንዱም ላይ ንግሥቲቱ ከነአጃቢዎቿ ባሕሩን በጀልባ ስትሻገር ትታያለች፤ ዐይኖቿ ትልልቆች ናቸው፥ ከጀልባዋም ሥር ዓሦች ይዋኛሉ። መድፍ ግን የለም።

በእርግጥ ይህ መጽሐፍ የተጻፈው ከሰሎሞን ዘመን በኋላ ከ2,000 ዓመት በላይ ቈይቶ ነው። ስለዚህ የመርከቦቹን ቍጥር እንደ ጕምሩክ መዝገብ ልንወስደው አይገባም፤ በዚህ ጓደኛዬ እውነት አለው። ነገር ግን አንድ ነገር እናስተውል። በደጋ ተቀምጦ የጻፈው ሊቅ ነጋዴውን በግመሎቹና በመርከቦቹ ቍጥር አስተዋወቀው እንጂ «መርከብ ማለት እንዲህ ያለ ነገር ነው» ብሎ ለማስረዳት አልተጨነቀም። ለእርሱ ኢትዮጵያዊ ነጋዴና መርከብ አብረው የሚነገሩ ነገሮች ነበሩ። ባሕሩን ከግመሉ መለየት የጀመርነው ከእርሱ በኋላ የመጣነው እኛ ነን።

ሁለተኛው ምስክሬ የአክሱም ገንዘብ ነው። ሳንቲም የንግድ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ቅርጻ ቅርጽም ነው። በ270 ገደማ ንጉሥ እንዱቢስ ከወርቅና ከብር በስሙ ገንዘብ አስመታ። በሳንቲሙ ላይ የንጉሡ ራስ አለ፤ በወርቁ ላይ ከጊዜ በኋላ የንጉሡን ራስ ከግራና ከቀኝ የእህል ዛላ እንደ ዐጥር ከበበው። በ4ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን በተቀበለ ጊዜ ከላይ የነበረው የጨረቃ ምልክት ወጥቶ በስፍራው መስቀል ገባ። የወርቁ ጽሕፈት በግሪክኛ ነው፥ ምክንያቱም ግሪክኛ በዚያን ጊዜ በቀይ ባሕር የነጋዴዎች ቋንቋ ነበረ። የብሩና የነሐሱ ጽሕፈት ግን እየዋለ እያደረ ወደ ግዕዝ ተለወጠ፥ እርሱን በአገር ቤት ገበያ የሚይዘው የአገር ሰው ነበረና። ከዚህም በላይ የአክሱም አንጥረኞች በብሩና በነሐሱ ሳንቲም ላይ ወርቅ እየለበጡ መስቀሉን ወይም በንጉሡ ራስ ዙሪያ ያለውን ያበሩት ነበረ። ይህ በዚያ ዘመን በሌላ አገር ገንዘብ ላይ የማይታይ የራሳቸው ጥበብ ነው። አስተውሉ፤ የሳንቲሙን ልክና የጽሕፈቱን ቋንቋ ከባሕር ማዶ ተቀበሉ፤ የእህሉን ዛላና የወርቁን ልብጥ ከቤታቸው ጨመሩ። ከሌላው መማርና የራስን መያዝ በአንዲት ሳንቲም ላይ አብረው ተቀመጡ።

ይህ ገንዘብም ከአገሩ ወጥቶ ሄዷል። በደቡብ የመን አል መዳሪባ በሚባል ቦታ በ1977 የወርቅ ሳንቲሞች ክምችት ሲገኝ ከሮማውያኑ ጋራ ከ800 በላይ የአክሱም ሳንቲም ነበረበት። በህንድ አገርም የአክሱም ሳንቲሞች ተገኝተዋል።

ሦስተኛው ምስክሬ አዱሊስ ነው። አዱሊስ ከምጽዋ በስተደቡብ በዙላ ባሕረ ሰላጤ አጠገብ የነበረ የአክሱም ወደብ ነው። በ1ኛው መቶ ዓመት አንድ ስሙ ያልታወቀ ግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ የቀይ ባሕርን ወደቦች የሚያስተምር መጽሐፍ ጽፎ ነበር። በዚያም ከአዱሊስ እስከ አክሱም የ8 ቀን መንገድ መሆኑን፥ ከዚህ የዝሆን ጥርስ፥ የአውራሪስ ቀንድና የባሕር ኤሊ ድንጋይ እንደሚወጣ፥ ወደዚህም ከግብፅ ልብስና ብርጭቆ፥ ከኢጣልያ ወይን ጠጅ፥ ከህንድ ብረትና የጥጥ ጨርቅ እንደሚገባ ይናገራል። ንጉሡንም ዞስካሌስን በገንዘብ ረገድ ሥሥት ያለው፥ ግን የግሪክኛ ትምህርት ያለው ነው ይለዋል። ነጋዴ ነጋዴን ሲያማ እንዲህ ነው።

በ525 አካባቢ ደግሞ ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ሰው ወደ አዱሊስ መጣ። በዚያን ጊዜ ንጉሥ ካሌብ ወደ የመን ሊዘምት መርከብ ያዘጋጅ ነበር። ኮስማስ በወደቡ የቆመ የእብነ በረድ ዙፋን አየ፥ በንጉሡም ትእዛዝ በዙፋኑ ላይ ያለውን የግሪክኛ ጽሕፈት ገለበጠ። ለእኛ የሚጠቅመው ግን ሥዕሉ ነው። በ9ኛው መቶ ዓመት የተገለበጠና በቫቲካን የሚገኝ የመጽሐፉ ቅጂ አዱሊስን፥ ዙፋኑንና ከአዱሊስ ወደ አክሱም በሚወስደው መንገድ ላይ የሚጓዙ ኢትዮጵያውያንን በሥዕል ያሳያል። ያን ሥዕል ስመለከት ከግቢያችን በር ያለውን መንገድ ያየሁ መሰለኝ። ሰው ከባሕር ወደ ደጋ ይወጣል፤ አባቴም ይህንኑ ነው የሚሠሩት።

«ይሁን፤ መርከቡ ግን የማን ነበረ?» ብሎ ጓደኛዬ ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግሪኮችና ህንዶች ወደ አዱሊስ መምጣታቸው እርግጥ ነው። ይሁን እንጂ የእኛም ሰዎች ይሄዱ ነበር። ያው ኮስማስ የአዱሊስ ሰዎች እስከ ሴሎን፥ ዛሬ ስሪላንካ እስከምንላት ደሴት ድረስ፥ በመርከብ መሄዳቸውን ይመሰክራል። በህንድ ውቅያኖስ በሶቆጥራ ደሴት ሆቅ በተባለ ዋሻ ውስጥ በ21ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ ከ200 የሚበልጡ የጥንት መርከበኞች ጽሕፈቶች ተገኙ። አብዛኞቹ የህንዶች ናቸው፤ በመካከላቸው ግን የኢትዮጵያ ፊደል ጽሕፈቶችም አሉ። እስቲ አስቡት፤ ከአገሩ የራቀ ሰው በጨለማ ዋሻ ውስጥ እዚህ መድረሱን በራሱ ፊደል ጽፎ አለፈ። እኛ በትምህርት ቤታችን ዴስክ ላይ ስማችንን ስንጽፍ እንቀጣለን፤ የእርሱ ግን ማስረጃ ሆነን።

ሁልጊዜ አሸናፊዎች እንደ ነበርን ለማስመሰልም አልፈልግም። የቢዛንታይን ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ በ531 ገደማ የአክሱም ሰዎች ከህንድ ሐር ገዝተው ለሮማውያን እንዲሸጡ ለምኖ ነበር። አልተሳካም፤ የፋርስ ነጋዴዎች በህንድ መርከቦች ማረፊያ ቀድመው እየቆሙ ጭነቱን በሙሉ ይገዙ ነበርና። ይህን የጻፈው ፕሮኮፒዮስ የዚያን ባሕር መርከቦች አሠራርም ነግሮናል። ሳንቃዎቻቸው በብረት ሚስማር አልተመቱም፤ በገመድ የተሰፉ ናቸው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ወደ ግንቡ ሄጄ መድፎቹን ብቻ ሳይሆን ሚስማሮቹንም አጠፋሁ። የእኛ ባሕር መርከብ እንደ አቍማዳ በስፌት የተያያዘች ነበረች። ጉዞዋም ወቅትን የጠበቀ ነው። ከሰኔ ጀምሮ ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ወደ ህንድ ይነፍሳል፤ ከኅዳር በኋላ ተመልሶ ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል። ገበሬያችን ክረምትን ጠብቆ እንደሚዘራ መርከበኛውም ነፋሱን ጠብቆ ሸራውን ይዘረጋል።

ክቡራንና ክቡራት፤ ንግድ ዕቃን ብቻ አያመላልስም፤ እጅንም ያስተምራል። በትግራይ በገመድ በሚወጣበት በደብረ ዳሞ ገዳም የቤተ ክርስቲያኑ የእንጨት ጣሪያ ዝሆን፥ ግመልና አንበሳ፥ ሌሎችም አራዊት ተቀርጸውበታል፤ ሊቃውንትም አቀራረጹን ከምሥራቅ አገሮች የጨርቅ ጌጥ ጋራ ያነጻጽሩታል። በዚያው ገዳም በ1940 ከ100 በላይ የወርቅ ሳንቲሞች ተገኙ፤ የማን ቢባል በሰሜን ህንድና በአፍጋኒስታን ይገዙ የነበሩት የኩሻን ነገሥታት። በአዱሊስ ፍርስራሽ ውስጥ ደግሞ ከቁስጥንጥንያ አጠገብ ካለው የማርማራ ባሕር የመጣ የተቀረጸ የቤተ ክርስቲያን እብነ በረድ ተገኝቷል።

«ይህ ሁሉ የሰሜን ታሪክ ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ቢኖር ወደራሳችን የባቡር መሥመር ልመልሰው። በድሬዳዋ አጠገብ ሐርላ የሚባል ስፍራ አለ። ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶልና ባልደረቦቻቸው ባደረጉት ቍፋሮ በዚያ የ12ኛው መቶ ዓመት መስጊድ፥ የመቃብር ቦታና የጌጣጌጥ አንጥረኞች የሠሩበት ስፍራ መገኘቱ በ2017 ተነገረ። ከመሬቱም የብርጭቆ ጨሌ፥ ዛጎል፥ ከየመንና ከቻይና የመጣ የሸክላ ዕቃ ስባሪ፥ በግብፅ የተመታ የ13ኛው መቶ ዓመት ሳንቲም ወጣ። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን አንጥረኞቹ ከብር፥ ከነሐስና ከከበረ ድንጋይ ጌጥ የሚሠሩበት ብልሃት በህንድ ከሚታወቀው ጋራ መመሳሰሉ ነው። በሐረርጌ አፈር ላይ የተቀመጠ ሰው በአገሩ እጅ የህንድን ብልሃት ይሠራ ነበር። በአክሱም ያየነው ነገር በስድስት መቶ ዓመት ልዩነት፥ በሌላ ሃይማኖትና በሌላ ሕዝብ መካከል፥ በእኛም በኩል ተደግሟል።

አሁን ደግሞ ለመናገር የሚከብደኝን ልናገር። ሮማዊው ፕሊኒ በአዱሊስ ገበያ የሚሸጠውን ሲቈጥር ከዝሆን ጥርስና ከጕማሬ ቆዳ ጋራ ባሮችን ያነሣል። ይህም ነገር በዚያ ዘመን ብቻ አላበቃም። ሰው እንደ ዕቃ በዚያ መንገድ ወርዶ በዚያ ባሕር ተሻግሯል። በግንቡ ላይ ወርቁንና ሽቱውን ብቻ ሥለን ይህን ብንደብቅ ሥዕላችን የሚያምር ውሸት ይሆናል። ስለዚህ ወደ ወደቡ በሚወርደው ሰልፍ መጨረሻ ላይ ወደ ኋላ እየተመለከተች የምትሄድ አንዲት ልጅ ሥያለሁ። አንዳንድ ጓደኞቼ «ለበዓል ቀን የሚያሳዝን ነገር ለምን?» አሉኝ። እኔ ግን እርሷም ከዚህ አገር የወጣች ናት፤ ስሟን ባናውቅ እንኳ ስፍራዋን ልንነሣት አይገባም እላለሁ።

ታዲያ ባሕሩ ከልባችን እንዴት ወጣ? በ6ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ፋርሶች የመንን ያዙ፤ ቀጥሎም የቀይ ባሕር ኀይል ወደ ዓረቦች ተላለፈ። በ7ኛው መቶ ዓመት የአክሱም ገንዘብ መመታቱ ቀረ፥ አዱሊስም ተዳከመች። ይሁን እንጂ በሩ ጨርሶ አልተዘጋም፤ ዳህላክ፥ ምጽዋና ዘይላ ይነግዱ ነበረ። በ14ኛው መቶ ዓመት ኢብን ባቱታ የተባለው ዓለም ዞሪ ዘይላ ደርሶ ከገበያው የሚወጣው የዓሣና የሚታረደው ግመል ሽታ ስላስመረረው በመርከብ ላይ ማደርን መርጧል። ገበያው የሞተ ቢሆን ኖሮ አይሸትም ነበር። ከዚያ በኋላ በ1498 ቫስኮ ዳ ጋማ በመርከብ ህንድ ደረሰ፤ በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ምጽዋ ላይ ወረዱ። እነሆ በእኔ ግንብ ላይ የነበሩት መድፎች ወደዚህ ባሕር የመጡት ያን ጊዜ ነው። ከእነርሱ በፊት የነበረው የሺህ ዓመት ጉዞ ግን በልጅነቴ ባየሁት መጽሐፍ ውስጥ አንድ ገጽ እንኳ አልነበረውም።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ነገር ልጠንቀቅ። አዱሊስ ዛሬ በኤርትራ ውስጥ ናት። በዙላ አጠገብ የሚማር ልጅም «የእኔ ታሪክ» ብሎ ያነባታል፥ እውነቱንም ነው። እኔ የምሥለው የቆየ ጉርብትናን ለማስታወስ እንጂ ወሰን ለመቍጠር አይደለም። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ አያት ታሪክ ቢመኩ አያትየው አይጐድልባቸውም።

ሁለቱ ሳምንታት ሲያልቁ ማስረጃዬን አዘጋጀሁ፤ ልቤ ግን አላረፈም። ሳንቲሙ በሩቅ ሙዚየም ነው፥ ዋሻውም በሩቅ ደሴት ነው፤ ለወለንጪቲ ሰው የሚዳሰስ ነገር አጣሁ። ይህንን ለአያቴ ባጫውታቸው ጊዜ ተነሥተው ከጓዳ አሮጌ አንቀልባ አወጡ። እናቴን፥ ቀጥሎም እኔን ያዘሉበት ነው። ቆዳው ደርቋል፤ በጠርዙ በሁለት ተራ የተሰፉት ነጫጭ ዛጎሎች ግን ዛሬም ያበራሉ።

«አያቴ፥ ይህን ዛጎል ከየት አገኙት?» አልኋቸው።

«ከእናቴ ነዋ፤ ያረጀውን አንቀልባ ፈትተን በአዲሱ ሰፋነው።»

«እናትዎስ?»

«ከገበያ። ነጋዴ ያመጣዋል።»

«ነጋዴውስ ከየት ያመጣዋል?»

አያቴ ሣቁብኝ። «አንተ ነህ የተማርኸው! ዛጎል ከባሕር እንጂ ከማሳ ይለቀማልን?»

እውነት ነው። ዛጎል በእርሻ አይበቅልም፥ በአዋሽ ወንዝም አይገኝም። ከቀይ ባሕርና ከህንድ ውቅያኖስ፥ በብዛትም ከማልዲቭ ደሴቶች እየተለቀመ በመርከብ፥ ከዚያም በግመል ወደ አፍሪካ ደጋና ቆላ ሲገባ የኖረ ነው። በሐርላ አፈር ውስጥ የተገኘውና በአያቴ አንቀልባ ላይ ያለው የአንድ ባሕር ልጆች ናቸው። እናቶቻችን ተቀብለው እንዲያው አላስቀመጡትም፤ በአንቀልባ ላይ፥ በወተት ዕቃ ላይ፥ በቆዳ ልብስ ላይ በራሳቸው ስፌትና በራሳቸው ሥርዐት አዋሉት። ሠዓሊ ተብለው አልተጠሩም እንጂ ሥራቸው ሥዕል ነው።

አንቀልባውን ይዤ ወደ ኮሚቴው ገባሁ። ስለ አክሱም ስናገር ጓደኛዬ በየመካከሉ ይጠይቀኝ ነበር። አንቀልባውን በጠረጴዛው ላይ በዘረጋሁት ጊዜ ግን አንሥቶ ገለበጠው፥ ዛጎሎቹንም አንድ በአንድ ዳሰሰ። ከዚያም ቀስ ብሎ «እኔም የታዘልሁት እንዲህ ባለ አንቀልባ ነው» አለ። ቀጥሎም እንደ ልማዱ ወደ ክርክሩ ተመለሰና «ባሕሩ ይኑር፤ ነገር ግን 73 መርከብ እንዳትሥል፥ አንዲት የተሰፋች መርከብ ትበቃለች» ብሎ ድምፁን ሰጠ። ኮሚቴውም በዚሁ ተስማማ። እኔም ስለ ተቃወመኝ አመሰግነዋለሁ፤ እርሱ ባይጠይቀኝ ኖሮ ባለ መድፏ መርከብ እስከ ዛሬ በግንባችን ላይ ቆማ አላፊ አግዳሚውን ታሳስት ነበር።

ውድ ጓደኞቼ ተማሪዎች፤ ከዚህ ነገር ያገኘሁት ትምህርት ይህ ነው። «ከማንም ጋራ ሳንገናኝ በተራራችን ብቻችንን ኖርን» የሚል ትዕቢትና «መልካም ነገር ሁሉ ከውጭ መጣልን» የሚል ውርደት ሁለቱም ከአንድ አለማወቅ የሚወለዱ ናቸው። አባቶቻችንና እናቶቻችን ሰጥተዋል፥ ተቀብለዋል፥ የተቀበሉትንም በእጃቸው ለውጠው የራሳቸው አድርገዋል። እኛም ዛሬ ከዓለም ብዙ እንቀበላለን፤ መቀበላችን አያሳፍርም። የሚያሳፍረው የተቀበልነውን ሳንመረምር፥ እኔ የሰው መድፍ በታምሪን መርከብ ላይ እንደ ሣልሁት መሣል ነው።

የተከበራችሁ ወላጆቻችን፤ ከዚህ ስትወጡ በበሩ ግራ በኩል ያለውን ግንብ ተመልከቱልን። መርከቧ አለች፤ ግመሎቹ አሉ፤ ወደ ኋላ የምትመለከተው ልጅ አለች፤ ባቡሩና የአባቴ መኪናም አሉ። ከሥር ያለው ጠርዝ በሁለት ተራ ዛጎል ያጌጠ ነው፤ የአያቴን አንቀልባ አይቼ የሣልሁት ነው። ከመኪናው ቀጥሎ ግን አንድ ክንድ ያህል ባዶ ስፍራ ትተናል። በየቤታችሁ ከሩቅ አገር የመጣ አሮጌ ዕቃ፥ ጨሌ ወይም ዛጎል ያለው ነገር ቢኖር፥ ወይም በዚህ መንገድ ወደ ባሕር ስለ ወረዱ አባቶች የምታውቁት ታሪክ ቢኖር ለልጆቻችሁ ንገሩልን። ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች ያን ባዶ ስፍራ ይሥሉበታል።

 እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ፤ በመንገድ ላይ ያሉትንም አባቶቻችንን በሰላም ወደየቤታቸው ይመልስልን።